የተካፈሉት ኮምፒውተር

ጂንካ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ታፔላ ማለት ወርቅነህ ማለት ነበር። የሱቁን፣ የክሊኒኩን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የፀጉር ቤቱን ስም በር ላይ የሚጽፈው እሱ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቃችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ቆርቆሮዎቹም ቀለማቸው እስኪደርቅ የሚደረደሩት እኔ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ በምሰፋበት በረንዳ ላይ ነበር። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከሰው የሰማሁት ትንሽ ነው፤ የበዛውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ወርቅነህ አሪ ነው፤ ከጋዘር ወዲያ ካለ መንደር፣ እንሰትና ቡና ከሚያለማ ቤት የወጣ። አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ሲናገር ቃሉን መርጦ፣ ቆም እያለ ነው። ብሩሽ ሲይዝ ግን መቆም የለም። በ1983 ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ሲገባ የየመሥሪያ ቤቱ ስም ተለወጠ፤ የድሮው ታፔላ ጸሐፊ ደግሞ ከተማውን ለቆ ሄዷል። ያኔ ወርቅነህ ወጣት ነው። የቀበሌ ሰዎች ጽሕፈቱ ጥሩ ነው ሲባል ሰምተው አስጠሩትና ቀለምና ብሩሽ ሰጡት። ያንን የመጀመሪያ ሥራውን ሰርዞ ደጋግሞ እንደጻፈውና ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ዓይኑን አቃጥሎት እንባው እየወረደ እንደጨረሰው ራሱ እየሳቀ ነግሮኛል። ከዚያ በኋላ ሥራ ፈልጎ አያውቅም፤ ሥራው ይፈልገዋል እንጂ።

ሲባጎ በጠመኔ አሽቶ ቆርቆሮው ላይ መስመር ይመታል። ትንሽ ራቅ ብሎ ያያል። ከዚያ ይጀምራል። የ«ሀ» አፉ ከሌላ ሰው «ሀ» ሰፋ ይላል፤ የ«ረ» እግሯ ለመሄድ እንደተነሳች ወደ ፊት ሸርተት ትላለች። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ያውቀዋል። የሐመር ሰዎች ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ «ያ ወፍራም ጽሑፍ ያለበት ሱቅ» ብለው ቦታ ይቀጣጠሩበት ነበር። ዘሪቱን ያገባው፣ ቤት የሠራው፣ ልጆቹን ያስተማረው በዚሁ እጁ ነው።

ከዚያ ባነር መጣ።

መጀመሪያ የወሰደው አንድ ሆቴል ነው። ባለቤቱ ወርቅነህ የጻፈለትን ታፔላ አውርዶ፣ የበያይነቱና የጥብስ ፎቶ የታተመበት ሸራ ሰቀለ። በማግሥቱ በበራችን ሲያልፍ ወርቅነህን አየውና ቆመ።

«አትቀየመኝ፤ ሰው አሁን ፎቶ ነው የሚፈልገው» አለው።

«ምን ያስቀይመኛል» አለ ወርቅነህ። አሮጌውን ቆርቆሮ ግን ሄዶ ተቀብሎ አመጣው። ሆቴሉ የዶሮ ቤት ክዳን ሊያደርገው ነበር።

በጥቂት ዓመት ውስጥ በረንዳዬ ባዶ ሆነ። የሚመጣለት ሥራ የጭነት መኪና ጎን ላይ ቁጥር መጻፍና አጥር ላይ «እዚህ ቦታ መሽናት ክልክል ነው» ማለት ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ አዲስ ወደተከፈተ ማተሚያ ቤት ሥራ ሊጠይቅ ሄደ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ «ኮምፒውተር ይችላሉ?» አለችው።

«እጄን ነው የምችለው።»

«እጅማ ማን የሌለው አለ?» አለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ልትቀልድ ነው። እሱ ግን ወደ ቤት ሲመለስ በእኔ በር አልፎ ሰላምታም ሳይሰጠኝ ገባ።

ከእኔ በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል ሩፋኤል ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። የሟቹ የአቶ ሀብተ ማርያም ልጅ ነው። አያቱ ከሸዋ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው፤ እናቱ እትዬ አስካለ ናቸው፤ እናትና ልጅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሩፋኤል ካቻቢቴ ከእጁ አይለይም። ሲያወራ እንኳ በሱ እየጠቆመ ነው። ፈጣን ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ችኩል ነው።

አንድ ከሰዓት ወርቅነህ የካርቶን ቁራጭ ላይ በከሰል ፊደል ሲጽፍ ሩፋኤል ከኋላው ቆሞ አየው።

«ጋሼ ወርቅነህ፣ ይኼ ለማን ነው?»

«ለማንም። እጄ እንዳይረሳ ብዬ ነው።»

«ኮምፒውተር ላይ ለምን አትሠራውም? ብሩሹ ነው የተቀየረው እንጂ እጁ ያው ነው።»

«በየትኛው ኮምፒውተር?»

«እንሥራዋ!»

ወርቅነህ ቀና ብሎ አየው። «ኮምፒውተር ይሠራል እንዴ?»

«ይገጣጠማል። አዲሱን እንግዛ ብንል አንችለውም፤ ለዲዛይን የሚሆን ላፕቶፕማ አይታሰብ። እቃ እቃውን ከየቦታው ብንለቅመው ግን ከአዲሱ የማያንስ እሠራልሃለሁ። አንተ ትስላለህ፣ እኔ አስነሳዋለሁ። የሚገኘው እኩል ለእኩል።»

እንዲህ ተጀመረ። ሩፋኤል አንድ ሕግ ነበረው፤ «ለሚታይ ነገር ብር አናወጣም» ይላል። ሳጥኑ ቢዛግ፣ ኪቦርዱ ቢያረጅ ግድ የለውም። ብሩ የሚወጣው ራም ላይ፣ ግራፊክስ ካርዱ ላይና ስክሪኑ ላይ ነው። ትልቅ ባነር ሲከፈት ራሙ ካነሰ ማሽኑ እንደደከመ አህያ መሐል መንገድ ላይ ይተኛል። ስክሪኑ ቀለሙን ከዋሸ ደግሞ እዚህ ቀይ ያልከው አርባ ምንጭ ታትሞ ቡኒ ሆኖ ይመጣል። መብራት የሚመግባት ፓወር ሰፕላይም አሮጌ አይሆንም አለ፤ የጂንካ መብራት እንዴት እንደሚዋዥቅ የምናውቀው ነውና።

ሳጥኑን፣ ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ እቃ በጨረታ ሲሸጥ በርካሽ በጋራ ገዟቸው። ከወንበር ስብራትና ከተበሳ ጎማ ጋር አብረው የተሸጡ ናቸው። ፓወር ሰፕላዩንና ፈጣኑን ሃርድ ዲስክ ሩፋኤል ገዛ። ራሙ፣ ካርዱና ስክሪኑ የወርቅነህ ድርሻ ሆኑ። ወርቅነህ ግን እጁ ላይ የቀረ ምንም የለም። ያለችው ዘሪቱ ወንድሟ ጋ ያስቀመጠቻት ጊደር ብቻ ናት።

ዘሪቱ ነገሩን ስትሰማ ሱቁ ድረስ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ናት።

«ጊደሯ እኮ ደርሳለች» አለች። «ይኼ የምትገዙት እቃ ይወልዳል?»

«ይወልዳል እትዬ ዘሪቱ!» አለ ሩፋኤል። «መንታ ነው የሚወልደው!»

እሷ አልሳቀችም። ባሏን አየችው። ወርቅነህ መሬት መሬት ያያል። ባሏ መሬት እያየ የኖረባቸው ዓመታት የሰለቿት መሰለኝ፤ «በሉ እሺ» ብላ ሄደች። በሳምንቱ ጊደሯ ተሸጠች።

ካርዱን የሩፋኤል ጓደኛ አዲስ አበባ መርካቶ አፈላልጎ አገኘው። ጌም የሚጫወት ልጅ ማሽን ላይ የነበረ፣ ያገለገለ ነው። በሹራብ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ስክሪኑ ደግሞ አይሱዙ ላይ በሁለት ፍራሽ መሐል ተጭኖ መጣ። ወርቅነህ እስከ መናኸሪያ ሄዶ ተቀብሎ፣ ባጃጅ ይጥለዋል ብሎ ፈርቶ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ በእግሩ አመጣው።

የተገጣጠመ ዕለት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊያይ የሩፋኤል በር ላይ ቆመ። ሩፋኤል ብሎኑን እያሰረ፣ ሽቦውን እየሰካ፣ እያንዳንዱን ለወርቅነህ ስሙን ይነግረዋል። ጨርሶ ሲያበራው ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ነቀለ፣ ሰካ። ያው ነው። የወርቅነህ ፊት አመድ መሰለ፤ ዘሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሩፋኤል ቆም ብሎ አሰበና «ላጲስ ያለው?» አለ። ከእኔ ጠመኔ ሳጥን ውስጥ አንድ ተገኘ። ራሙን አውጥቶ ወርቃማውን ጥርሱን በላጲስ አሽቶ አሽቶ መልሶ ከተተው። ስክሪኑ በራ።

ወርቅነህ የሩፋኤልን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ሳመው።

ማውስ መልመድ ቀላል አልሆነለትም። እንደ ብሩሽ በሁለት ጣቱ ነበር የሚይዛት። ሩፋኤል ተቀምጦ ያሳየዋል፣ ይስቅበታል፣ እንደገና ያሳየዋል። ፎቶሾፑን ሲለምድ ወርቅነህ አንድ ነገር ጠየቀ፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፊደል አልተመቸውም። «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ወታደር ይመስላል» አለ። ክረምቱን ሙሉ የራሱን ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ከነእርባታው በቀለም ወረቀት ላይ ጻፈው። ሩፋኤል በስልኩ እያነሳ ወደ ማሽኑ አስገባለት፤ ጠርዝ ጠርዙን ግን ወርቅነህ ራሱ በማውስ እየተከተለ አስተካከለው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ፣ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ስለ «ጨ» ቀንድ ሲጨቃጨቁ እሰማ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ወርቅነህን እንዲያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

ሥራው መጣ። የሠርግ ካርድ፣ የቡና ከረጢት ምልክት፣ የምረቃ መጽሔት ሽፋን፣ ቱርሚ ላለ ሎጅ ታፔላ። ወርቅነህ ይሠራል፣ ሩፋኤል በፍላሽ አርባ ምንጭ ልኮ ያሳትማል። ሰው ባነሩን አይቶ «ይኼ የወርቅነህ ፊደል ነው» ማለት እንደገና ጀመረ። ዘሪቱም አዲስ ቀሚስ እኔ ጋ አሰፋች።

መበላሸቱ የጀመረው በለቅሶ ነው።

አንድ ቤተሰብ አባታቸው ሞተው ለቀብር የሚሆን ባነር አዘዙ፤ የሟቹ ፎቶና አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ። ወርቅነህ ጠዋት ተቀመጠ። በሁለት ፊደላት መሐል ያለው ክፍተት አልጥምህ አለው። አሰፋው፣ አጠበበው። ሩፋኤል እየመጣ «ጋሼ፣ ሰዎቹ ቆመዋል» ይለዋል፤ «ሰው አንዴ ነው የሚሞተው፣ በትክክል ይጻፍለት» ይላል ወርቅነህ። ባነሩ፣ አርባ ምንጭ ለመላክ ጊዜ ስላልነበረ እዚሁ ጂንካ አዲሱ ማተሚያ ቤት ታትሞ ሲደርስ ሬሳው ተቀብሯል። የሟቹ ልጅ ባነሩን ተቀብሎ፣ አጣጥፎ፣ ሩፋኤል እግር ሥር ጣለውና ሄደ።

ወርቅነህ አልገባውም። «ጥሩ አልነበረም?» አለ።

«ጥሩ ነበር» አለ ሩፋኤል። «ሰውየው ግን ጉድጓድ ውስጥ ነው።»

በዚያው ሰሞን እትዬ አስካለ ኩላሊታቸው ታመመ። የጂንካው ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ጻፈላቸው። ሩፋኤል ካቻቢቴውን ጥሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ሲመለስ ዓይኑ ጎድጉዶ ነው። ብዙ ሥራ ባንዴ ተቀብሎ ቶሎ ቶሎ መጨረስ ፈለገ፤ ወርቅነህ ደግሞ ፊደሉ ሳያምር ከእጁ አይለቅም። ሩፋኤል ወርቅነህ በሌለበት ቁጭ ብሎ ያላለቀውን እየጨረሰ መላክ ጀመረ፤ ጽሑፉን ቦታ እንዲሞላ ይለጥጠዋል፣ እንዲገባ ይጨፈልቀዋል። ወርቅነህ አንድ የተለጠጠ ባነር ገበያ ላይ ተሰቅሎ አየና በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣ። እኔ መኪናዬ ላይ ነኝ።

«ማነው ፊደሌን እንደ ቆዳ የወጠረው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሩፋኤል። «ደንበኛው ትልቅ ይሁን አለ።»

«አንተ ምን ታውቅና ነው የምትነካው? ካቻቢቴ ይዞ መዞር ሙያ መሰለህ? ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ከፊደል ጋር ምን አለው?»

ሩፋኤል ተነሳ። «ያለ ብሎኑማ አሁንም አጥር ላይ ስለ ሽንት ትጽፍ ነበር! እውነትም አባቴ ሲል የነበረው ነው። እናንተ ሲሠሩላችሁ...» አለና አቋረጠው።

የእኔ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። «እናንተ» ያለው አሪዎችን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። የሩፋኤል አያት ሲመጡ የወርቅነህ አያት የገዛ መሬታቸውን ለመጤ ባለመሬት በጭሰኝነት ያርሱ ነበር፤ ይኼ በጂንካ የማይነገር፣ ግን ማንም ያልረሳው ነገር ነው።

«ጨርሰው» አለ ወርቅነህ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

ሩፋኤል ፊቱ ቀላ። «ተናድጄ ነው፣ ጋሼ...»

«አይ፣ ጨርሰው እንጂ። አባትህ ሲል የነበረው ምንድን ነው?»

ሩፋኤል አልጨረሰውም። ወርቅነህ ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ጋሽ ታደለ ናቸው፤ ሳንቃ ነጋዴ፣ የሁሉም ሰው አስታራቂ። ሁለት ሌሎች ይዘው መጡና እዚያው በረንዳችን ላይ አግዳሚ ዘርግተው ተነጋገሩ። ሩፋኤል ይቅርታ ጠየቀ። ወርቅነህ ይቅርታውን ተቀበለ፤ አብሮ መሥራቱን ግን እምቢ አለ።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለ። «ከእሱ ጎን ግን ከእንግዲህ አልቀመጥም።»

ጋሽ ታደለ ለመኑት። ዘሪቱ ለመነችው። እኔም ለመንኩት። ሰው ግትር ከሆነ ግትር ነው፤ ያን ዕለት ያየሁት ወርቅነህ ድንጋይ ነበር። ሩፋኤልም ተለምኖ ተለምኖ መረረውና «እንግዲያው እንካፈል» አለ።

ኮምፒውተሯን አንዱ ይውሰድና ለሌላው ይክፈል ቢባል የሚከፍል የለም፤ አንዱ የሆስፒታል ዕዳ አለበት፣ ሌላው ባዶ እጁን ነው። በመጨረሻ ጋሽ ታደለ «ማንም የገዛውን ይውሰድ» ብለው ፈረዱ። ሳንቃ እንደማካፈል መሰላቸው።

ሩፋኤል ራሱ ፈታት። የገጣጠማት በሳቅ ነበር፤ አሁን ግን ብሎኑን ሲፈታ ቀና ብሎ ማንንም አያይም። ራሙን ነቅሎ ወርቅነህ ፊት አስቀመጠ። ካርዱን አስቀመጠ። ስክሪኑን ገፋ አደረገለት። ፓወር ሰፕላዩንና ሃርድ ዲስኩን ወደ ራሱ ሳበ። ሳጥኑ፣ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ የጋራ ስለነበሩ ዕጣ ተጣለባቸው፤ ለሩፋኤል ደረሱ።

ያኔ ዘሪቱ ከወደ ኋላ «ፊደሉስ?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ዞር አሉ። «የምን ፊደል?»

«ክረምቱን ሙሉ የጻፈው። እዚያች ብረት ውስጥ ነው ያለው» ብላ ሃርድ ዲስኩን በጣቷ አሳየች።

ጋሽ ታደለ ዲስኩን አነሱት፤ አገላብጠው አዩት። ከመዳፋቸው ያነሰ ነገር ነው። ከዚያ ሳቅ ብለው «ልጄ» አሏት፣ «ፊደል የሕዝብ ነው። ማነው የግሉ የሚያደርገው?» አሉና ለሩፋኤል መለሱለት።

ሁላችንም ወርቅነህን አየነው። «የኔ ነው» ቢል፣ «ገልብጥልኝ» ቢል፣ ሩፋኤል እምቢ አይልም ነበር፤ እጁን ዘርግቶ፣ ዲስኩን ይዞ፣ ትንሽ ቆሟል። ወርቅነህ ግን ስክሪኑን አቅፎ ተነሳ። ዘሪቱ ራሙንና ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ተከተለችው።

ግማሽ ኮምፒውተር አይበራም። ወርቅነህ የቀረውን እቃ ሊገዛ አቅም አላገኘም፤ እቃው ደግሞ በየጊዜው እየተወደደ ሄደ። ሩፋኤል ግን ወጣት ነው፤ ተበደረ፣ ሌላ ካርድና ሌላ ስክሪን አገኘ፣ በዓመቱ ማሽኗን መልሶ አቆማት። ብዙም ሳይቆይ ክልሉ ተከፍሎ አዲስ ክልል ሆነ። የየመሥሪያ ቤቱ ስም እንደገና ተለወጠ፤ የወረዳው፣ የፍርድ ቤቱ፣ የጤና ጣቢያው፣ የግብርናው ታፔላ ሁሉ መሠራት አለበት። ሥራውን አንድ የብረታ ብረት ድርጅት አሸነፈ፤ ዲዛይኑን ለሩፋኤል ሰጠው። ሩፋኤል ጊዜ አልነበረውም። እናቱ አልጋ ላይ ናቸው። ዲስኩ ውስጥ ያለውን ፊደል አውጥቶ ሁሉንም በሱ ጻፈው።

ወርቅነህ ያኔ ዓይኑ መድከም ጀምሮ ነበር፤ ልጆቹ ተበትነዋል። የዚያው ድርጅት ምሰሶ ተካዮች ሰው ሲፈልጉ ገባ። አካፋና ዶማ ይዞ በጭነት መኪናው ጀርባ ላይ ከታፔላዎቹ ጋር ይሄዳል፤ ሃና ከተማ ሄደ፣ ሌሎችም ወረዳዎች ሄደ። ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ምሰሶውን ያቆማል፣ ሲሚንቶውን ያፈሳል። ይኼን ለዘሪቱ እንኳ አልነገራትም፤ «የቀን ሥራ ነው» ብቻ ነው ያላት። ለእኔ የነገረኝ ከቆላዋ ከተማ ከካንጋተን ሲመለስ ነው፤ ደጄ ላይ ተቀምጦ፣ አቧራው ቅንድቡ ላይ እንዳለ።

ካንጋተን ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ታፔላ ሲያወርዱ የተጠቀለለበት ፕላስቲክ ተቀደደ። ፊቱ ላይ ያለው የራሱ «ሀ» ነው፤ አፉን ከፍቶ። የራሱ «ረ» ናት፤ ግን ተለጥጣ፣ እግሯ ተገንጥሎ። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ እሱ ቆሞ ቀረ። ሾፌሩ «ምን ታያለህ፣ አንሳ እንጂ!» አለው። አነሳ። ተከለው። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ወጣት ሠራተኛ ወጥቶ፣ እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ታፔላውን አየና ደስ አለው።

«ቆንጆ ጽሑፍ ነው» አለ። «ኮምፒውተር ነው አይደል?»

«አዎ» አለ ወርቅነህ። «ኮምፒውተር ነው።»

ይኼን ነግሮኝ ሲጨርስ «ለምን የኔ ነው አላልከውም?» አልኩት።

«አካፋ ይዤ?» አለኝ።

እትዬ አስካለ በዚያው ዓመት አረፉ። ወርቅነህ ለቅሶ አይደርስም ብለን ነበር፤ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠ። ሩፋኤል ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙ አድጎ፣ በሰው መሐል አልፎ መጥቶ አጠገቡ ተንበረከከ። እኔ በዚያኛው ጎን ነበርኩ።

«ጋሼ ወርቅነህ» አለ። «ፊደሉን ገልብጬ አስቀምጬልሃለሁ። ፍላሹ ቤት ነው ያለው፤ ነገ ላምጣልህ?»

«በምን ልከፍተው?» አለው ወርቅነህ።

ሩፋኤል «እኔ ጋ ና፣ የኔ ማሽን ላይ ተቀመጥ» ሊለው አፉን ከፈተ። ሊለው እንደነበር አውቃለሁ። ወርቅነህ ግን ትከሻውን መታ መታ አደረገለት፤ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎት ተነስቶ ወጣ። ደግነት ይሁን ቂም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሩፋኤል እዚያው ተንበርክኮ ቀረ፤ ለእናቱ ያላለቀሰውን ያኔ አለቀሰ።

ስክሪኑን ዘሪቱ ኳስ ለሚያሳይ ቤት ሸጠችው። ራሙና ካርዱ ማንም አልፈለጋቸውም፤ አሮጌ ሆነዋል። ወርቅነህና ዘሪቱ ወደ መንደራቸው ተመልሰው አሁን እንሰት እየኮተኮቱ ነው። ወርቅነህ ለገበያ ወደ ጂንካ ሲመጣ እኔ ጋ ይቀመጣል፤ ስለ ዝናብ እናወራለን፣ ስለ ቡና ዋጋ እናወራለን። መንገድ ላይ ሲሄድ ቀና ብሎ ታፔላ አያነብም።

በቀደም የመንደራቸው ጸሎት ቤት አዲስ ግድግዳ ተለስኖ፣ ሽማግሌዎቹ ከበሩ በላይ አንድ ጥቅስ እንዲጽፍላቸው ለመኑት። ቀለሙንም ብሩሹንም ገዝተው ይዘው ሄደው ነበር። ወርቅነህ ወንበር አውጥቶ አስቀመጣቸው፤ የሚጠጣ ሰጣቸው።

«ጂንካ ሩፋኤል የሚባል አለ» አላቸው። «ለሱ ንገሩት። ፊደሉ እሱ ጋ ነው ያለው።»

እነሱም እሺ ብለው ሄደው ለሩፋኤል ነገሩት፤ ባነር አሳትሞ ሰጣቸው።